ወረንጦ፣ ምላጭና የካርቶን ሰፈር

ትንንሽ ነገር መገጣጠም የተማርኩት ከፍርሃት የተነሳ ነው። ሌላው ሰው በልጅነቱ አባቱ አሳይቶት፣ ወይም ትርፍ ጊዜ ኖሮት ይጀምረው ይሆናል። እኔ ግን ጎልማሳ ሆኜ፣ ጁባ ውስጥ፣ እጄ መንቀጥቀጡን አልተው ስላለኝ ነው የጀመርኩት።

በፈረንጆቹ 2016 ሐምሌ ላይ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲነሳ፣ እኔ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር የሚገኝ የአበሻ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ጀነሬተር አስነሳለሁ፣ የተቃጠለ ሶኬት እቀይራለሁ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠብቃለሁ። ተኩሱ በተነሳ ጊዜ እንግዳውም ሠራተኛውም ኮሪደር ላይ በደረታችን ተኝተን ነው ያሳለፍነው። ከዚያ ቆመ ተባለ። የእኔ ጆሮ ውስጥ ግን አልቆመም። የብረት በር ድም ሲል፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ወጥ ቤት ሰሃን ሲወድቅ በደረቴ መሬት ላይ እተኛ ነበር። አንድ ቀን አምፖል ስቀይር ከመሰላል ላይ የወረድኩት በእግሬ ሳይሆን በጀርባዬ ነው፤ ውጭ አንድ ሰው የመኪና በር ስለዘጋ ብቻ!

በዚያ ሰሞን ክፍል ሰባት ያረፈ አንድ ካዋጃ ነበር። ካዋጃ ማለት ጁባ ውስጥ ነጭ ሰው ነው። በሁለት ሻንጣ መጥቶ በአንዱ ብቻ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሮጠ። ወራት ጠበቅነው፤ አልተመለሰም። የሆቴሉ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ በመጨረሻ ሻንጣውን አስከፈቱ። ልብሱን ለተቸገረ ሰጡና አንድ ካርቶን ብድግ አድርገው፣ "እንካ፣ ይሄ ያንተ ዓይነት ነው" አሉኝ። ውስጡ ግማሹ የተገጣጠመ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነበር፤ ከክንዴ ያነሰች፣ ያልተነኩት ክፍሎቿ ገና ከፕላስቲክ ፍሬማቸው ጋር እንደተያያዙ። ከሥሩ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለሉ መሣሪያዎች ነበሩ።

ዕድሜዬን ሙሉ በካቻቪቴና በፒንሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ትንሿ መቁረጫ ፒንሳ አንድ ጎኗ ልሙጥ ስለሆነ የምትቆርጠው ነገር ላይ ጠባሳ አትተውም። ያም ሆኖ ተጠግተህ ከቆረጥክ ፕላስቲኩን ትነጭብሃለች፤ መጀመሪያ ራቅ አድርገህ ትቆርጣለህ፣ የቀረውን በምላጭ ትልጠዋለህ። ምላጩ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ እጀታ አለው። እጅ የሚቆርጠው ደግሞ ስለታሙ ሳይሆን ደነዙ ነው፤ በደነዝ ስትሠራ ትገፋለህ፣ ስትገፋ ያመልጥሃል። ከዚያ ጫፏ የሾለ ወረንጦ፣ ሦስት ቀጫጭን ሞረዶች፣ በጣት እየተሽከረከረች የምትበሳ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ሻካራና ልሙጥ ብርጭቆ ወረቀት። በቃ! ኢንተርኔት ላይ ሠላሳ ዕቃ ደርድረው "ይህ ሁሉ ከሌለህ እንዳትጀምር" የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። ሠላሳ ዕቃ ያለው ሰው ዕቃውን ሲያጸዳ ይውላል እንጂ ምንም አይሠራም።

ከሁሉም ወረንጦዋ ናት ሱስ ያስያዘችኝ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር በወረንጦ ይዘህ ቦታዋ ላይ ስታስቀምጥ ክርንህን ጠረጴዛው ላይ ትተክላለህ፣ ትንሿን ጣትህን ታስደግፋለህ፣ ትንፋሽህን ታስወጣለህ፣ ታስቀምጣለህ። በዚያች ደቂቃ ፍርሃት የሚባል ነገር የለም። ቦታ አያገኝም። ያቺን ደቂቃ ፍለጋ በየቀኑ ከሥራ በኋላ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ እል ነበር።

አውሮፕላኗ በሁለት ሳምንት አለቀች። ሌላ ከየት ይምጣ? ጁባ ታውን ገበያ ከሞተር ዕቃ እስከ ሙሽራ ቀሚስ ይገኛል፤ ይህን ግን ሻጮቹም አያውቁትም። ስለዚህ ከካርቶን መሥራት ጀመርኩ። የፓስታ ካርቶን ግድግዳ ይሆናል፣ የክብሪት እንጨት በርና መስኮት ይሆናል፣ የለስላሳ ጣሳ ተቆርጦ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሆናል። የምሠራው የራሳችንን መንገድ ነበር፤ ከሆቴላችን በር ተነስቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን፣ ግራና ቀኝ አሥራ አራት ግቢ፣ ሁሉም አንድ የኮምፖንሳቶ ሰሌዳ ላይ።

ለዚህ ልኬት ያስፈልጋል። ፎቶ ማንሳት እንዳይታሰብ፤ ስልክ ቀና አድርገህ ከታየህ ስልክህም አንተም ትሄዳላችሁ። እኔም በእርምጃ እለካ ጀመር። ሦስት እርምጃዬ ሰሌዳው ላይ አንድ ሳንቲሜትር ነው። ወዲያ ወዲህ እንደሚንሸራሸር ሰው ሆኜ እየቆጠርኩ እሄዳለሁ፣ ጥግ ይዤ በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ አጠገቡ እሥላለሁ። ፎቶ ስላላነሳሁ ብቻ ራሴን ጠንቃቃ አድርጌ ቆጠርኩት፣ እኔ ጅሉ! እንዲህ ያለ ሥራ የያዘው ሰው ልኩን እንጂ ባለቤቱን አያይም። ከአሥራ አራቱ ግቢ አንዱ የአንድ ትልቅ የጦር ሹም ነበር። የአጥሩን ርዝመት፣ የበሩን ስፋት፣ ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ያለውን ርቀት፣ አጥሩ ላይ ያለው እሾህ ሽቦ ስንት መስመር እንደሆነ፣ ጠባቂዎቹ የሚቀመጡበትን መጠለያ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። እንደ ጎረቤቱ ግቢ፣ እንደ ሱቁ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ።

አንድ ክፍል የምንኖረው ከአብሮ አደጌ ጋር ነበር። አንድ ሰፈር አድገን፣ አብረን ተነስተን ነው ጁባ የገባነው። እሱ የሆቴሉ ዕቃ ገዢ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ገበያ ይወርዳል። ሳቂታ ነው፣ ከወታደሩም ከነጋዴውም በጁባ አረብኛ ሲቀላለድ ይውላል። እኔን "ኮንትራክተሩ" ይለኛል። "ኮንትራክተሩ፣ ጣሪያ ደረስክ ወይስ ሲሚንቶ አለቀብህ?" ይልና ሳልጠይቀው የገዛልኝን ኮላ ከኪሱ ያወጣል። ለሁለታችን አንዲት ጥቁር የትከሻ ቦርሳ ነበረችን፤ ውጭ የሚወጣው እሷን አንግቶ ይወጣል።

በ2017 አንድ ከሰዓት በኋላ የሹሙን አጥር ለሁለተኛ ጊዜ ለክቼ ገባሁና ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ረሳሁት። በማግሥቱ ጠዋት አብሮ አደጌ ቦርሳዋን አንግቶ ወደ ገበያ ሄደ።

ሁለት ሰዓት ላይ ጀነሬተሩ ጋ ቆሜ ሳለ የሆቴሉ ዘበኛ መጣ። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፣ ያደገው ግን ጋምቤላ ነው፤ አማርኛው ጥርት ያለ ነው።

"ጓደኛህን ኬላ ላይ ያዙት" አለኝ። "ቦርሳው ውስጥ ደብተር ተገኘ። ፊደሉን ማንበብ አልቻሉም፤ የሚስጥር ጽሑፍ ነው አሉ። ሥዕሉን ግን አወቁት። የሹሙ ቤት ነው። ሰላይ ነው እያሉ ነው።"

"የምን ደብተር?" አልኩ።

አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ደብተሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዷን ቁጥር በቃሌ የማውቀው ሰውዬ፣ የምን ደብተር አልኩ። አፌ ነው የተናገረው ብዬ እንዳላመካኝ ጭንቅላቴም አብሮ ነበር። ዘበኛው ለአፍታ አየኝና "እንጃ እንግዲህ" ብሎ ወደ እትዬ ሄደ። እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ የሚያውቁት ሰው ሁሉ ጋ መደወል ጀመሩ። እኔ ወደ ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም። ሊፈትሹ ይመጣሉ ብዬ ነው ያሰብኩት። ሰሌዳው በሁለታችን አልጋ መሐል ነበር። ምላጩን አነሳሁና የሹሙን ቤት ከሰሌዳው ላይ ፈነቀልኩት። ግድግዳውን ከተፍኩት፣ ታንከሩን ረገጥኩት፣ ስብርባሪውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ማታ ማታ ስሠራው የሰነበትኩት ቤት በአሥር ደቂቃ አለቀ። ወደሚቀጥለው ግቢ ስሻገር ግን እጄ ቀጥ አለ።

ያ ደብተር የስለላ አለመሆኑን የሚመሰክር ከዚህ ሰሌዳ በቀር ምን አለ? ምንም። አብሮ አደጌን የሚያስፈታውን ነገር ነው በገዛ እጄ እየከተፍኩ ያለሁት። የአንዱ ሰው ቤት ብቻ ተነቅሎ የተገኘ ሰሌዳ ይዤ ብሄድ ደግሞ ይባሱን "የነቀልከውን ለምን ነቀልከው?" ይሉኛል። ስለዚህ ቤቱን እንደገና መሥራት ነበረብኝ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ምላጩ አውራ ጣቴን ቀደደው፤ በጨርቅ አሰርኩትና ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ እጄ ረጋ። ክርን ጠረጴዛ ላይ፣ ትንሿ ጣት ተደግፋ፣ ትንፋሽ ወጥቶ። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ገባ፣ አጥሩ ዞረ። አምስት ሰዓት ሲሆን ቤቱ እንደነበረው ሆነ። ማንም ቢያየው ያ ቤት ነው ይላል። ያን ጊዜ ሰሌዳውን ተሸክሜ መሄድ እችል ነበር።

አልሄድኩም። የበሩ ጠርዝ ሻካራ ነው አልኩና በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በልሙጡ። የታንከሩ አንድ እግር ዘመመ ብዬ ነቅዬ እንደገና ተከልኩት። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ቀጭን መዳብ አወጣሁና እሾህ ሽቦውን፣ ሦስቱንም መስመር፣ እሾሁን አንድ በአንድ በወረንጦ ቋጠርኩት። ለማን ነው የምቋጥረው? ቁጭ ብሎ እሾህ የሚቆጥር ወታደር አለ እንዴ? ግን እየሠራሁ እስካለሁ ድረስ መሄድ የለብኝም። አልጨረስኩማ! ወረንጦውን ባስቀመጥኩ ቁጥር ያ ኬላ ይታየኛል፣ መልሼ አነሳታለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ታንከሩን ሰማያዊ ቀባሁት። ከዚያ ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ በሩን አንኳኩ። "ሰው ጠፋ ልጄ፣ ስልክ የሚያነሳልኝ እንኳ የለም" አሉ፤ ድምፃቸው ልቅሶ ልቅሶ ይል ነበር። "ከመሸ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ ማን አይቶት?"

በሩን ከፈትኩ። "ደብተሩ የእኔ ነው" አልኳቸው። ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። "ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ተነሳ!" አሉና ዘበኛውን ተጣሩ።

ሰሌዳው ሞተር ላይ አይሆንም፤ ከፊት ዘበኛው ከኋላ እኔ ይዘነው በእግራችን ሄድን። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። መሣሪያዎቹንና ኮላውን በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። ሦስት ጊዜ "ቆይ፣ ቆይ፣ እጄ ዛለ" ብዬ አስቆምኩት። እጄ አልዛለም። በሦስተኛው ላይ ዘበኛው ዞር ሳይል "እጅህ ሲያርፍ ንገረኝ" አለኝ፤ ከዚያ በኋላ አላስቆምኩትም።

ኬላው አጠገብ ያለ አንድ ክፍል አስገቡን። ኃላፊው ሸሚዝ የለበሰ ወፈር ያለ ሰው ነው። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን፣ ጨርቁን አስፈታኝ። "ዴ ሹኑ?" አለ፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ምላጩን፣ መሰርሰሪያዋን፣ መቁረጫ ፒንሳዋን አንድ በአንድ እያነሳ ጠየቀኝ፣ እኔ መለስኩ፣ ዘበኛው ተረጎመ። "ይህ ለካርቶን ነው። ይህ ለመብሳት ነው። ይህ ለመቁረጥ ነው።" እዚያ ክፍል ውስጥ ስናገረው ለሰው ጣት፣ ለሰው ጥርስ የምል ነው የመሰለኝ።

"ያኛው ደብተሩ የእኔ ነው ብሏል" አለ ኃላፊው። "አንተም የእኔ ነው ትላለህ። አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።"

አብሮ አደጌን አስመጣው። ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ ይዘውት ገባ፤ ባዶ እግሩን ነው። ቀና ብሎ ሲያየኝ "ምን ልታደርግ መጣህ?" ብሎ በአማርኛ ጮኸብኝ። ኃላፊው በሁለት ጣቱ የሹሙን ቤት የግቢ በር ከቦታው ነቀለና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ከጥፍር የማይበልጥ በር ነው። "ማን ነው የሚመልሰው?" አለ።

አብሮ አደጌ ቀድሞኝ ወረንጦዋን አነሳ። እንደ ማንኪያ ነው የያዛት። በሩን ሊያነሳ ሲል ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኃላፊው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ተንበርክኬ በሩን ፈለግኩ፣ አገኘሁት፣ ጠርዙን ኮላ አስነካሁት። በመጀመሪያው ሙከራ እጄ ተንቀጠቀጠና ወደቀብኝ። አንዱ ወታደር ሳቀ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ፣ ትንሿን ጣቴን አስደገፍኩ፣ ትንፋሼን አስወጣሁ፣ አስቀመጥኩት። ቆመ።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሌሎቹን ጠራቸው። ከበቡት፣ ሱቁን አወቁት፣ ቤተ ክርስቲያኑን አወቁት፣ በጣት እየጠቋቆሙ መከራከር ያዙ። አንዱ ማዕዘኑ ላይ ያለውን የማንጎ ዛፍ ለምን ረሳህ ብሎ ከልቡ ተቆጣኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰሌዳውን፣ ደብተሩንና መሣሪያዎቹን አስቀሩና "ያላ፣ ሂዱ" አሉን።

አብሮ አደጌ የውስጥ እግሩን መሬት ማስነካት አልቻለም፤ በእግሩ ጎን ነበር የሚራመደው። ዘበኛው ባጃጅ ፈልጎ አሳፈረንና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ከኋላ እኔና እሱ ብቻ ሆንን።

"ለምን የእኔ ነው አልክ?" አልኩት።

"አንተን ቢያመጡህ ገና በሩ ላይ ትሞትባቸዋለህ ብዬ ነዋ" አለ። ሊስቅ ሞከረና ጎኑን ያዘ። "ደግሞ እኮ ቀላል ነበር የመሰለኝ። ጠዋቱን ሙሉ ማንም አልነካኝም። ሻይ ሁሉ ሰጥተውኛል። ስናወራ፣ ስንቀልድ ነው የቆየነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው መጣ፣ ከዚያ ነው የተበላሸው።"

ሰባት ሰዓት ላይ እሾህ እየቋጠርኩ ነበር።

"አንተ መቼ ሰማህ?" አለኝ።

ከፊት የተቀመጠው ዘበኛ አንገቱን አላዞረም። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ወጣ።

"አሁን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ" አልኩት።

"እንደሰማህ መጣህ ማለት ነው" አለና እጄን ያዘኝ። እጁ ትኩስ ነበር። "ሌላ ሰው ቢሆን አይመጣም ነበር እኮ።"

"አዎ" አልኩት።